እግሬ የመረጣት መኪና

ዛሬ ከጸሎት ቤት ስወጣ የሰው መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ብቻ ቢሆን ምናለበት! በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ከዘራዬን በሁለቱ ወንበሮች መሀል ወደ ፊት አሾለክሁና «ምን ትጠብቃለህ? ንዳው እንጂ!» ብዬ ተቆጣሁ። ሹፌሩ ዞር ሲል ሴት ናት። መነጽር ያደረገች፣ አስተማሪ የምትመስል።

«አባባ፣ ወዴት ልውሰድዎት?»

«ወደ ቤቴ ነዋ!»

«ቤትዎት የት ነው?»

«ቤቴን ሳታውቂ መኪናዬ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። ጭራሽ እሷን ሌባ አደረግኋት!

የልጄ የገመቹ ክላክስ ከማዶ ሲጮህ ነው የነቃሁት። የኛዋ ነጭ፣ የሷም ነጭ፣ አጥሩ ሥር የተደረደሩት ሁሉ ትንንሽና ነጫጭ። እናንተ ደጋው አገራችን ጎጆ ከተማ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በጎቻችሁን በፊታቸው የምትለዩ፣ ሳቁብኝ። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። አምቦ ገብቼ ነው እንዲህ የሆንኩት።

የወጣሁበትን ንጋት መቼም አትረሱትም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ገመቹ «አባ፣ በዚህ ብርድ ብቻህን አትቀመጥም» ብሎ ድርቅ አለ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶት፣ ጎረቤቴ ኦቦ ቶለራ ፍራሼንና ሳጥኔን በፈረሱ ጭኖ ድንች የሚያመላልሰው አይሱዙ ድረስ አወረደልኝ። ያን የታመመ ወገቡን በአንድ እጁ እንደያዘ። ልከፍለው እጄን ኪሴ ስከት ተቆጣኝ።

«ተው አንተ ሆርዶፋ፣ አታሳፍረኝ። ልጅህ መኪና ሊገዛ ነው አሉ። ሲገዛ ጋቢና አስቀምጠህ አምቦ ታወርደኛለህ። ይቺን ወገቤን ፍል ውሃው ውስጥ እነክራታለሁ።»

«እንደ ሙሽራ ነው የምወስድህ!» አልኩት። አፌ መቼ ሰንፎ ያውቃል! ድንች ላይ ተቀምጬ፣ ያን ቃል ይዤ ተሰደድኩ።

አምቦ መግባት ስደት ነው ወይ ብላችሁ አትሳቁ። ስደት ካልሆነ ጋቢዬ ሳጥን ውስጥ ለምን ታሠረ? እዚህ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል፣ ዝንቡ ሰው አይፈራም፣ ድንቹ ውሃ ውሃ ይላል። እናንተ ዘንድ ሰላምታ ማለት ከሰውየው ጀምሮ ከብቱን፣ ገብሱን፣ የጎረቤቱን ሳል ሳይቀር መጠየቅ ነው። እዚህ እኔ «አካም ቡልቴ» ብዬ ሳልጨርስ ሰላም ያልኩት ሰው በባጃጅ ታጥፎ ሄዷል።

የቤት አከራያችን ወይዘሮ ብርቄ ደግሞ የመኪና ወሬ ገና ሲነሳ በራችን ላይ መጡ።

«መኪና ግቢዬ ካደረ ኪራይ ይጨምራል።»

«መኪና ሰው ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ያድራል አይደል? የሚያድር ሁሉ ይከፍላል።»

«የእርስዎ ድመት እኛ ቤት ነው የምታድረው። ትክፈላና!»

«ድመቷ አይጥ ትይዛለች። መኪናችሁ ምን ልትይዝ ነው?»

በሩን ዘጋሁባቸው። እኔ ስናደድ እንዴት እንደምሆን ታውቃላችሁ።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። የገመቹ ሚስት ጫልቱ፣ ጉደር ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በየማለዳው ሚኒባስ ስትጋፋ ግማሽ ጉልበቷ መንገድ ላይ ያልቃል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፣ ገመቹ ቢሮ ይገባል። ስለዚህ ጫልቱ የምትፈልገው ነዳጅ የማታበዛ፣ መለዋወጫዋ እዚሁ አምቦ የሚገኝ፣ አምስታችንን የምትይዝ መኪና ነበር። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎጆ የምትደርስ።

«አባ፣ በዓመት አንዴ ለምንሄድበት መንገድ ዓመቱን ሙሉ ነዳጅ ስናጠጣ እንኑር?» አለኝ ገመቹ።

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ደላላው ሁለት መኪና አምጥቶ ሜዳ ላይ አቆመልን። አንዷ ትንሽ ነጭ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ሌላዋ አረንጓዴ ፒካፕ፣ ከኋላም ወንበር ያላት፣ አሮጌ ብትሆንም እንደ በቅሎ ከፍ ብላ የቆመች።

«ይቺ አረንጓዴዋ ነዳጅ ትጠጣለች?» አለች ጫልቱ።

«ኧረ እሷ ታሸተዋለች እንጂ!» አለ ደላላው።

እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። እኛ ፈረስ ስንገዛ ጭነን ዳገት ሳናስወጣ መቼ ዋጋ እንነጋገራለን? ሁለት ጆንያ ድንች በባጃጅ አስጭኜ መጣሁ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጭነት ነው። በየተራ ጭነህ ያንን ዳገት ታወጣልኛለህ።»

«መኪና እኮ ነው የምሸጠው!»

«አይቻለሁ። ፈረስ ቢሆን ጥርሱን አሳየኝ እልህ ነበር። አሁን ኮፈኑን ክፈት።»

እየተነጫነጨ ጫነ። ነጯ ከኋላዋ ዘጭ ብላ፣ እያቃሰተች ወጣች። አረንጓዴዋ ጆንያዎቹ መጫናቸውንም ያወቀች አልመሰለችኝ። ከዘራዬን ወደ ሰማይ አነሳሁ፦ «አያችሁ? ጎጆ የምትደርሰው ይቺ ናት!» ጫልቱ መሬት መሬት አየች። ገመቹ እሷንም እኔንም ተመለከተና ለስለስ አለ።

«እሺ አባ። አንተ ካልክ ትሁን። በል ግባና አብረን እንሞክራት።»

አሸነፍኩ! ወደ አረንጓዴዋ ሄጄ ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ጉልበቴ እምቢ አለ። ግራውን ሞከርኩ፤ ግራው የባሰ ነው። በሩን ይዤ ተንጠላጠልኩ፣ ደላላው ከኋላዬ ትከሻውን ሰጥቶ ገፋኝ፣ እኔ እንደተሰጣ ሱሪ እዚያው እወዛወዛለሁ። የልጅ ልጆቼ በሳቅ ሞቱ።

«አባባ፣ በርጩማ ይዘው ይዙሩ!» አለ ደላላው።

ጫልቱ አልሳቀችም። «መርገጫ እናሠራላታለን አባባ» አለችኝ ቀስ ብላ። ደግነቷ ከደላላው ስድብ ይበልጥ አመመኝ። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት በር ላይ፣ ምእመኑ ሁሉ እያየ፣ እንደ ጆንያ ስገፋ ታየኝ። የነጯ በር ተከፍቶ ነበር። ሄጄ አልጋዬ ላይ እንደምቀመጥ ቁጭ አልኩባት።

«ይቺን ግዟት» አልኩ። «አረንጓዴዋ ነዳጅ ታበዛለች።»

ክረምቱ ሲያልፍ ገመቹ አንድ ቀን በነጯ ወደ ጎጆ ሊወስደኝ ሞከረ። ከአስፋልቱ ተገንጥለን ትንሽ እንደሄድን ሆዷ ድንጋይ ላይ ጮኸ። ወርዶ ከሥር አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየና መኪናዋን አዞራት። የጎጆን ጉም ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ።

ታዲያ ዛሬ ከዚያች አስተማሪ መኪና ወርጄ፣ ቤት ገብቼ፣ ገና ኀፍረቴ ሳይበርድ ቶለራ ደወለ።

«ሆርዶፋ! መኪናዋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ዛሬ እንዲያውም ሌላዋ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።»

«ሁለት ገዛችሁ እንዴ?!»

«አምቦ ያለ ነጭ ሁሉ የኛ ነው።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ታዲያ አንዷን ወደኔ ብትልካት ምን አለበት? አይሱዙውን ወገቤ አይችልም።»

«ፈረስህስ? እስከ አስፋልቱ ያውርድህ፣ እኛ እዚያ እንቀበልህ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈረሱማ አለ። እላዩ ላይ መውጣት ነው ያቃተኝ። እግሬ አይነሳልኝም። ለሰው እንዳትናገር።»

እኔ ለእሱ የነገርኩት አረንጓዴዋ ሌላ ሰው ቀድሞን ገዛት ብዬ ነው። አሁን እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ሳቅ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል አንተ?» ተቆጣ። «ጋቢናዬን ብቻ ለሰው እንዳትሰጥብኝ!»

«ማን ደፍሮ!» አልኩት።

ጋቢናው ላይ ጫልቱ ትቀመጣለች። እኔ ከኋላ ነኝ። ለቶለራ ግን ያን ንጋት ላወረደልኝ ፍራሽና ሳጥን አንድ የጋቢና መንገድ እስከ ፍል ውሃው ድረስ ገና አልከፈልኩትም።