የዓርብ እንቁላል

ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም ሲደውል፣ በማስተምርበት የባዕድ አገር ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ነበር። ዓርብ ነው፤ ባልደረቦቼ ጸልየው እንቁላል ይጠብሳሉ።

«አያ ደምሴ አረፉ፤ ‹ጾመኛው አባታችን› ተብለው ተቀበሩ» አለኝ።

ጾመኛው! አንቱ የሚሉት ይበሉት። የእንቁላሉ ሽታ ይዞኝ ልጅ ሳለሁ ወዳደግሁባት ከተማ፣ ጅጋ ገባ።

በሁዳዴ ዓርብ እናቴ ጨው ግዢ ብላ ደምሴ ሱቅ ላከችኝ። ሰው ባጣ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥሁ። የጽዋ ማኅበራችን አለቃ ደምሴ ከማኅበርተኞቹ ጋር የእንቁላል ጥብስ ከቦ ይጎርሳል፤ ጢሙ በቅቤ ወዝቷል። አላፈረም።

«ምን ያፈዝሻል? አንቺ ልብሽን ጹሚ!» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

በሳምንቱ ያ ቅባታም አፍ እናቴን ከማኅበሩ አስወጣት። ታማ፣ የነፍስ አባቷ ፈቅደውላት ወተት ስለጠጣች ነው። «ጾም የሻረች ጽዋችንን አትነካም» ሲል እነዚያው በላተኞች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እስከ ዛሬ ጽዋው ቤት ለቤት ሲዞር የእናቴን ደጅ ዘልሎ ያልፋል።

ባልደረቦቼ «ዛሬም አትበይም?» እያሉ ይስቁብኛል። እነሱስ በአደባባይ ይበላሉ፤ አልንቃቸውም።

ከመጋረጃው ጀርባ የነበራችሁ ግን፣ ለተዝካሩ ስትሰበሰቡ ስለ ጾሙ አታውሩ። የበላችሁትን ተናገሩ፤ ጽዋውንም እናቴ በሕይወት ሳለች በእጇ አስይዙልኝ።