የቬስትሩፕ ሰባት ዓመት

አዲሰን ከተማ፣ ጎማ ላስቀይር ገብቼ ነው ያገኘኋት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አንገቷ ላይ ትንሽ ማጉያ መነጽር አንጠልጥላለች፤ ስልኳን እያየች «ምነው አሁንስ ደውይ!» ትላለች።

«ወርቅ ሠሪ ነሽ እንዴ?» አልኳት መነጽሩን አይቼ።

«የሞስ ሠራተኛ ነኝ» አለችና ሳቀች። «እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈው አረንጓዴ የለም? እሱን።»

ራዚያ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት። ግሬፕቫይን ሆቴል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ አሁን ፎርት ዎርዝ፣ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ቤት የድሮ ሞሶችን ወደ አዲስ ፖስታ ታዛውራለች። አንዴ ከጀመረች በኋላማ ማን ያስቁማት!

ቬስትሩፕ የሚባል ፈረንጅ ነበር አለችኝ፤ የዛሬ መቶ ስድሳ ምናምን ዓመት አንድ እግሩን እያነከሰ ወሎን በበቅሎ የዞረ። ሌላው አበባ ሲለቅም እሱ ድንጋይ ሥር ተንበርክኮ ይውላል። ወረቀት ሲያልቅበት የእህቱን ደብዳቤ እየቀደደ ሞሱን ይጠቀልልበታል። «አስተርጉመውልኛል እኮ! ‹መቼ ነው የምትመጣው› የሚለው ላይ ሞስ ተኝቶበታል።»

ችግሩ ቀኑ ነው። አርባ አንድ ፖስታ ላይ የጻፈው ዓመት፣ ኢትዮጵያ ከገባበት በሰባት ዓመት ይቀድማል። በዚህ የተነሳ ውሸታም ተባለ፤ አለቃዋ ናኦሚም፣ እዚሁ ያደገች የኛው ልጅ፣ ሥራውን «የማይታመን» ብላ ልትመዘግበው ነው።

«እኔ ግን ሳየው ጮህኩ! ማለቴ፣ እኔም እዚህ ስመጣ የተወለድኩበትን በኛ አቆጣጠር ፎርም ላይ ሞልቼ፣ ይኸው መንጃ ፈቃዴ ላይ ሰባት ዓመት አርጅቻለሁ። ሰውዬው የጻፈው አብረውት የሚሄዱት የነገሩትን ቀን ነው! ሶ፣ ናኦሚን ‹ወደ ፈረንጅ ለውጪና ከዕለቱ ጋር አስተያዪው› አልኳት፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ ጽፏላ። ዛሬ እያየችው ነው።»

ስልኩ ጮኸ። ስፒከር ላይ አደረገችው።

«አንቲ ራዚያ! ሁሉም ማች አደረገ! አርባ አንዱም! ሰኞው ሰኞ ነው!»

ራዚያ ብድግ ብላ እልል አለች። ጎማ ፈቺው መፍቻውን ጣለ።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ቤት የኛ ካሌንደር ጠፍቶ ነው?»

«ሶሪ፣ ሶሪ! ‹የማይታመን› የሚለውን ዲሊት አድርጌዋለሁ።»

የመኪናዋ ጎማ ተቀይሮ አለቀ። ቁልፏን ስትቀበል፣ «ያንቺንስ ሰባት ዓመት መቼ ታስተካክያለሽ?» አልኳት።

«የሱ ይቅደም» አለችኝ በሩን እየከፈተች። «እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስለራሴ እናገራለሁ።»