አምስት ዓመት ከአንድ ሳምንት

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ በአንድ ትንሽ ዳቦ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ይባል እንጂ ገንዘብ ተቀባይም፣ መዝገብ ያዥም፣ የባለቤቱን ጩኸት ሰሚም እኔው ነኝ። ባለቤቱን ጋሼ እላቸው ነበር። ልባቸው ደግ ነው፤ እጃቸው እስኪፈታ ግን ሰው ያስረጃሉ።

ለእኛ ለሠራተኞቹ ፕሮቪደንት የሚባል የስንብት ገንዘብ ነበረን። ከደመወዛችን በየወሩ ጥቂት ይቆረጣል፤ ጋሼም ያንኑ ያህል ይጨምሩበታል። ደንቡ ማኅተም ተመትቶበት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አምስት ዓመት ሞልቶት የለቀቀ ሁለቱንም ይወስዳል፤ አንድ ቀን የጎደለው ግን የራሱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ የጋሼ መዋጮ ወደ ጋሼ ይመለሳል።

ሊጥ የምታቦካልን እኩያዬ የሆነች፣ ከከተማው ዳር ከቡሹሎ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ ሦስት ልጆች አሏት። ዱቄቱ ደረቷን ዘጋውና ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ ዱቄት ያለበት እንዳትደርሺ ብሎ ጻፈላት። በፕሮቪደንቱ አንድ የምትታለብ ላም ገዝታ ሐይቅ ዳር ላሉት ሆቴሎች ወተት ልታቀርብ አስባለች። ፋይሏን ሳወጣ ክው አልኩ። አምስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ይቀራታል! የራሷ መዋጮ ብቻውን እንኳን ላም ጥጃም አይገዛ።

ጥፋቱ ደግሞ የእኔ። ያኔ ዋስ የሌለው ሰው አይቀጠርም። የሷ ዋስ አጎቷ ነበሩ፤ ከእርሻ እስኪመጡ ወር ያህል ሳትቀጠር ስታቦካ ቆየች፣ ጋሼም የቀኗን ከኪሳቸው እያወጡ ይሰጧት ነበር። እኔ ሞኟ ታዲያ አጎቷ የፈረሙበትን ቀን ሥራ የጀመረችበት ብዬ ጻፍኩት።

ለጋሼ “ቀደም ብላ ነው የጀመረችው” አልኳቸው። “እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው” ብለው ዘጉኝ። አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ ለማለት ፈራሁ፤ እንጀራዬ ነዋ! ሁለት ቀን እህል ባፌ አልዞረም። እሷ ደግሞ አግዳሚው ላይ እጇን አጣጥፋ ዝም። ዝምታዋ ይባስ አናደደኝና “ተናገሪ እንጂ፣ አፍ የለሽም?” ብዬ ጮኽኩባት።

በሦስተኛው ቀን እሷው ባለችበት እንደገና ጋሼን ለመንኳቸው። ገነፈሉ።

“እኔ እሷን ያልታገስኩት ምን አለ? ገና በገባች በሳምንቷ አይደል እንዴ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጉዱማሌ ሜዳ ካልሄድኩ ብላ ያስቸገረችኝ? ያውም የቀበሌው ዳቦ ታዞ፣ እሳቱ ተያይዞ!”

“ያ ለቀበሌው ስብሰባ ያዘዙን ዕለት ነው፣ ጋሼ?” አልኳቸው።

“እሱ ነው እንጂ! እምቢ ብያት እስከ ማታ አኩርፋኝ ውላለች።”

የትዕዛዝ መዝገቡን ጎትቼ ገለጥኩት። ቀኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ አጎቷ ከመፈረማቸው ሦስት ሳምንት ቀድሞ። ጋሼ ራሳቸው የመሰከሩላት ሳምንት ሲጨመርበት አምስት ዓመት ከአንድ ሳምንት ሆነ።

ጋሼ መዝገቡን አዩ፣ እኔን አዩ። “ወይ ምላሴ!” አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። “በገዛ አፌ!” እያሉ ፈረሙ። እፎይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በር ድረስ ሸኘኋት። እዚያ ስንደርስ ግን አላስችል አለኝ።

“ይቅር በይኝ እህቴ፣ ቀኑን አበላሽቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለችኝ። “መሠረተ ትምህርት ተምሬ የለ? ፋይሉን ስትገልጪ ጽሑፍሽን አየሁት።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?”

“ብናገር አንቺን ያባርሩሻል። ላሟ ብትቀር ይሻላል ብዬ ነው።”

እዚያው በሩ ላይ አቅፌያት አለቀስኩ።