ኦሪጅናል አይደለም ያለን ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬ በየሰዓቱ ይሰድበኝ ነበር። ስክሪኑ ድንገት ይጠቁርና ጥጉ ላይ «ይህ ሶፍትዌር ኦሪጅናል አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል። ለእናቴ ስተረጉምላት ከእኔ ብሳ ትናደዳለች።

«ከሱቅ በካርቶኑ ነው ያመጣሽው! በገዛ ቤታችን ሌባ ሊለን ነው?»

ነገሩ የጀመረው ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ፎርማት ካደረገልኝ፣ ማለትም ውስጡን አጥፍቶ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ከጫነልኝ ወዲህ ነው። ሦስት ጊዜ የኮምፒውተሩን ሳጥን ጭኔ ላይ አቅፌ በባጃጅ ወሰድኩለት፤ ያውም እናቴ አቧራ እንዳይነካው ብላ ከሠራችለት ዳንቴል ጋር። ሦስቴም «ተስተካክሏል» ብሎ ሸኘኝ። በሳምንቱ ስክሪኑ መልሶ ይጠቁራል።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ዳንቴሉን ልታጥብ ስትገፍፈው ሳጥኑ ጎን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አየሁ። ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር! ከፋብሪካው ይዞት የመጣው የሶፍትዌሩ ሕጋዊ ቁልፍ ለካ እዚያው ተሸፍኖ ኖሯል። ያ ጠጋኝ ዳንቴሉን ሲያነሳ ሳያየው አይቀርም፤ ግን የለመደውን የራሱን ሕገወጥ ኮፒ መጫን ቀለለው።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ ጠራችልኝ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩ። ጽሑፉ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤታችን ምን ተገኘ ብላ እየሮጠች መጣች።

ዳንቴሉ ሲደርቅ እናቴ መቀስ አነሳች። ወረቀቷ ባለችበት በኩል ልክ በመጠኗ መስኮት ቆርጣ ከፈተችበትና ጠርዙን በኪሮሽ አሳመረችው። ዛሬ ዛሬ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ወደ ሳጥኑ ይጠራል።

«ቀረብ ብለህ እየው» ትለዋለች፤ «የእኛ ኦሪጅናል ነው።»