ሩብ ሰዓት በእትዬ አስካለች ቤት

«ለአንድ ሰው ብልቃጥ አልከፍትም አልሽኝ። አንድ ሰው፣ ሰው አይደለም?»

ጋሽ ኮቺቶ ይህን ያሉኝ የጤና ኬላውን በር ይዘው ቆመው ነው። የክትባት ሣጥን ይዤ ብቻዬን የወጣሁበት የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ከቦንጋ በሺሺንዳ መንገድ ያመጣኝ መኪና አውርዶኝ ተመልሷል።

ደጋግሜ አስረዳኋቸው። አንዱ የኮቪድ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ አንዴ ከተከፈተ ግን የተረፈው ለነገ አይቆይም፣ ይደፋል። ቦንጋ ላለችው አስተባባሪያችን ደወልኩ። ቢያንስ ስድስት ሰው ሳይሰበሰብ እንዳትከፍቺ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ጋሽ ኮቺቶ አልሄዱም። ንብ አናቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነደፉ ስለኖሩ መርፌ አይፈሩም። የፈሩት ሌላ ነገር ነው።

«ባለፈው ክረምት ሳል ጣለኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ውሃ የሚያቀብለኝ አልነበረም። ሁለተኛ እንደዚያ መሆን አልፈልግም።»

የሰፈሩ ሽማግሌዎች የት እንደሚገኙ ጠየቅኋቸው። የማርያም ማኅበር ስለሆነ ሁሉም ተረኛዋ እትዬ አስካለች ቤት ናቸው አሉኝ። እንግዲያው እዚያው እንሂድ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። እትዬ አስካለች የሟች ወንድማቸው ሚስት ናቸው። ወንድምየው ሲሞት፣ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉበት አንድ ዛፍ ለማን ይሁን በሚል ተጣሉ። ጋሽ ኮቺቶ ከዚያ ወዲህ ማኅበሩንም ትተዋል።

«እዚያ ቤት አልገባም» አሉ። ሣጥኑን ግን ከእጄ ተቀብለው እስከ አጥሩ ድረስ ተሸከሙልኝ።

ገብቼ የተማርኩትን ተናገርኩ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ክትባቱ በሽታው ጨርሶ እንዳይዝ ባያደርግም እንዳይጸና ይረዳል። አንድ ሽማግሌ ሰማንያ ዓመት ያለ መርፌ መኖራቸውን ነገሩኝ።

«ሰማንያ አንደኛውን ማን ፈረመልህ?» አሏቸው አጠገባቸው የተቀመጡት።

ተሳሳቁና እጅጌ መሰብሰብ ተጀመረ። ቆጥሬ ብልቃጡን ከፈትኩ።

እትዬ አስካለች ተከትበው ጥጡን ክንዳቸው ላይ እንደያዙ በመስኮት ወደ አጥሩ አዩ። «ሣጥን የተሸከመ ሰው ውጭ አይቀርም» አሉ፣ ስም ሳይጠሩ። አንዱ ሽማግሌ ወጥተው ጋሽ ኮቺቶን ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው።

ሁሉንም የምጠይቀውን ጠየቅኋቸው። ትኩሳት አለ? ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው ሰውነትዎ ተቆጥቶ ያውቃል? ሰሞኑን ታመው ነበር? ሰሞኑን ደህና እንደሆኑ፣ በክረምቱ ግን ለብቻቸው ተኝተው እንደከረሙ መለሱ። እትዬ አስካለች ቀና አሉ። ይህን አልሰሙም ነበር።

ከተብኳቸው። የተከተበ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይቀመጥ አይለቀቅም፤ ራሱን የሚስት ሊኖር ይችላል። አግዳሚው ላይ ክፍት የነበረው ቦታ እትዬ አስካለች አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ጋሽ ኮቺቶ እዚያው ተቀመጡ። ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ።

«የተከተበ ሰው ማታ ያመዋል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ አስካለች። የሚያናግሩት እኔን ነው።

ክንድ ሊያም፣ ትኩሳትም ሊመጣ ይችላል፤ ውሃ መጠጣትና ማረፍ ነው አልኩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ኮቺቶ ዞርኩ።

«ማታ ቤት ማን አለ?»

«ንቦቼ አሉ።»

ማንም አልሳቀ። ሩብ ሰዓቱ ሞልቶ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሞልቷል አልኩ። ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። አረጋዊ ስትከትቡ ስለ ትኩሳቱ ከማስረዳታችሁ በፊት ማን አብሮ እንደሚያድር ጠይቁ። ማንም ከሌለ በማግስቱ ራሳችሁ ሂዱ። እኔ ጋሽ ኮቺቶ ቤት ሄጃለሁ። ክንዳቸው አብጦ፣ በደህናው እጃቸው ቀፎ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ውሃ ቀዳሁላቸው። ሌላ ሰው አልመጣም ነበር።

በክትባቱ ቀን ጋሽ ኮቺቶ ሲወጡ በሩን ክፍት ትተውት ነበር። እትዬ አስካለች ተነሥተው ደጁ ላይ ቆሙ። መንገዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሩን ዘጉት።