በእርጥቡ የታሰረው ገመድ

እናንተስ ደርሶባችሁ ያውቃል? በሰው መካከል ቆማችሁ አንድን ነገር ጥርት አድርጋችሁ አስረድታችሁ፣ የሚቃወም ጠፍቶ፣ ሁሉም ዝም ብሎ፣ እናንተም ያን ዝምታ እንደ መስማማት ቆጥራችሁ ወደ ቤታችሁ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገብቻለሁ። ያን ዕለት እራቴን ጥሩ አድርጌ በላሁ፤ እንቅልፍም አልነሳኝም። አሁን የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ዲላ የመጣሁት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነበር፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ፣ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ይርጋጨፌ የሚሄደው ዋና መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ማዘጋጃ ቤቱ አጭር መመሪያ አወጣ። ከመንገዱ መሀል በግራም በቀኝም አሥራ አምስት ሜትር ድረስ ቤትም አጥርም መቆም የለበትም። ከመሥመሩ ውጭ ያለ ቤት ይቆማል፤ ከመሥመሩ ውስጥ የተገኘ ይፈርሳል። ለአንድ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ደንብ የለም። ወይ ነው፣ ወይ አይደለም።

ችግሩ መለኪያው ላይ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የብረት ሜትር ተበጥሶ የቀረው ከአራት ሜትር አይበልጥም። የቤት ተቆጣጣሪው እስከዚያ ጊዜ በእርምጃው ነበር የሚለካው። እሱ ደግሞ ረጅም ሰው ነው፤ እርምጃው በረዘመ ቁጥር መሥመሩ ወደ ሰው ጓዳ ይገባል እያሉ ባለቤቶቹ ይጨቃጨቁታል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ መለካት የሚያውቅ ሰው እንዲሰጠው ትምህርት ቤታችንን ጠየቀ። ዳይሬክተሩ ይህን ሲነግረን እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተቆጣጣሪው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ከተማው ሁሉ ሃምሳ አለቃ ይለዋል። የሥራውን ሥርዓት ልንገራችሁ። በአንድ እጁ የቀይ ቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው ብሩሽ ይዞ ይዞራል። ከመሥመሩ ውስጥ ያለ ቤት ሲያገኝ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀይ መሥመሮች አመሳቅሎ ያሰምራል፣ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ያነብለታል፣ ከዚያ አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል። ባለቤቱ ራሱ ካላፈረሰ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ከቀን ሠራተኞች ጋር ይመለሳል። በገበያ በኩል ሲያልፍ ሴቶቹ፣ «ሠዓሊው መጣ! ደጃፍሽን ዝጊ!» እያሉ ይጯጯሃሉ። እሱም ሳይቆጣ፣ «ምን ላድርግ እናንተ፣ ከቀይ በቀር ሌላ ቀለም አልሰጡኝ» ይላቸዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

ገመዱን የገዛሁት ከዲላ ገበያ ነው፤ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ፣ አዲስ፣ ጠንካራ። የሸጠችልኝ ቃጫ ፍቃ፣ ራሷ ገምዳ የምትሸጥ አንዲት የጌዴኦ እናት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ይዘውት የነበረውን መሬት ባለመሬቱ ለሌላ ጢሰኛ ሰጥቶባት ወደ ከተማ የገባች ሴት እንደሆነች የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ቀን ግን የማውቀው ገመዷ ጥሩ መሆኑን ብቻ ነው።

«ለላም ነው ለበቅሎ?» አለችኝ።

«ለመለኪያ ነው፣ እማማ።»

ከጎኗ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ማታውን ገመዱን ባልዲ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ምክንያት ነበረኝ። አዲስ ቃጫ ደርቆ ሲታሰር ቋጠሮው ይንሸራተታል። አባቴ ደግሞ የአልጋ ጠፍር ሲወጥር ሁልጊዜ ቆዳውን በውኃ ያረጥበው ነበር፤ ሲደርቅ ይሸበሸብና አልጋው እንደ ከበሮ ይወጠራል። እኔም ቋጠሮዎቼ እንደዚያ ጥብቅ እንዲሉልኝ ፈለግሁ። ጠዋት ገመዱን ከውኃው አውጥቼ፣ ከክፍል ባመጣሁት ባለ አንድ ሜትር የእንጨት ማስመሪያ እየለካሁ በየሜትሩ ቋጠርኩ፤ አሥራ አምስት ቋጠሮ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት። በደብተሬም «መለኪያው ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ደብተር አሁንም አለ።

ልኬቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ጥር ነበርና ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ገመዱ እንደ ሽቦ ደርቋል። ሃምሳ አለቃ የገመዱን አንድ ጫፍ ከመንገዱ መሀል ይረግጣል፣ እኔ ሌላውን ይዤ ወደ ቤቶቹ እሄዳለሁ። ከቤቶቹ ብዙዎቹ አላከራከሩንም። አንዳንዶቹ መንገዱ ላይ ሦስት አራት ሜትር ወጥተዋል፤ ሌሎቹ ወደ ኋላ ርቀው ተሠርተዋል። ያከራከረችን አንዲት ቤት ብቻ ናት፤ የጭቃ ቤት፣ የሣር ክዳን፣ ደጃፏ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈላት። ስጠጋ በሩ ላይ የቆመችው ያቺ ገመድ ሻጭ ነበረች።

በሩ ክፍት ነው። ገመዱን ሳብኩት፤ የደጃፏን ድንጋይ አለፈ፣ በበሩ ገባ። አሥራ አምስተኛው ቋጠሮ ከደጃፉ ሁለት ስንዝር ወደ ውስጥ፣ ወለሏ ላይ አረፈ።

«ገብቷል» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከባንኮ ጎቲቲ ቡና ጭነው የመጡ በቅሎ ነጂዎች መንገድ ዳር ቆመው ያዩናል። አንደኛው፣ «ሃምሳ አለቃ፣ የበቅሎዬንስ ጭራ አትለካትም? መሥመር ውስጥ ገብታ እንዳትፈርስብኝ!» አለ። ሳቅ ሆነ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ ያዘችና አሸት አሸት አደረገችው። ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ይቺ ገመድ ውኃ ጠጥታ ነው የታሰረች» አለችኝ። «ስትደርቅ ትረዝማለች። እኔ ነኝ የገመድኳት፣ አውቃታለሁ። ልክ አይደለችም።»

ሃምሳ አለቃ ብሩሹን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ምን ትላለህ?» አለ።

እኔም አስረዳሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ሜትር የትም ቢሄዱ ያው ሜትር መሆኑን፣ ለሀብታምም ለድሃም እንደማያዳላ አስረዳሁ። ስለ ገመዱም ተናገርኩ፦ እርጥብ ነገር ሲደርቅ ይኮማተራል እንጂ አይረዝምም፤ የአልጋ ጠፍር ምስክር ነው፤ እንዲያውም ገመዱ ተኮማትሮ ከሆነ ስህተቱ የሚጠቅመው እማማን ነው አልኩ። በአማርኛ ጨርሼ፣ በማውቃት ጥቂት ጌዴኦኛ ደገምኩት። ስጨርስ ላብ በላብ ሆኜ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዝም አለ። በቅሎ ነጂዎቹም ዝም አሉ። ቀልደኛው ሰውዬ የበቅሎውን ጭነት ገመድ ጠበቅ አደረገና መንገዱን ቀጠለ።

ሃምሳ አለቃ ቀለሙን ቀባ። እኔ የልኬቱ ወረቀት ላይ ፈረምኩ።

በሰባተኛው ቀን ትምህርት ቤት መጣች። ዘበኛው ሲጠራኝ ፈተና እያረምኩ ነበርና በሩ ላይ እንደቆምን ነው የተነጋገርነው። ከነጠላዋ ጫፍ ሁለት አጫጭር ገመዶች አወጣች፤ እኩል ተደርገው የተቆረጡ፣ ክንድ ከስንዝር የሚሆኑ።

«አንዷን ውኃ አጠጣት» አለችኝ። «አንዷን ተዋት። ነገ ጎን ለጎን አድርገህ እያት። አንተ ራስህ ሞክራት።»

«እማማ፣ አቤቱታ እዚህ አይቀርብም» አልኳት፤ ሥርዓቱንም ዘረዘርኩላት። መጀመሪያ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ያጽፋሉ፣ ቴምብር ይለጠፍበታል፣ ከዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም ይገባል፣ ሹሙ ለተቆጣጣሪው ይመራዋል።

«ወረቀት ገመድ አያውቅ» አለች። ሁለቱንም ገመዶች እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

መጣል ነውር መሰለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ከኖራዎቹ ጋር አስቀመጥኳቸው። የውኃው ጋን ከመሳቢያው አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ለምሳ ስወጣ በዚያ በኩል አለፍኩ። ጣራው ወርዷል። የቀን ሠራተኞቹ ግድግዳውን በመዶሻ ይንዳሉ፤ ያረጀው ጭድና ጭቃ እየተፈረካከሰ ይወድቃል። ቀዩ ቀለም ያለበት ቁራጭ ተገልብጦ ወደ ሰማይ ያያል። እሷ መንገድ ዳር የቃጫ እስር ላይ ተቀምጣለች፤ በሩን ነቅላ አጠገቧ አጋድማዋለች። ምጣዷን፣ ማሰሮዋን፣ የእንሰት መፋቂያ ሰሌዳዋን ደርድራለች። አላለቀሰችም፤ አልተራገመችም። እኔን ስታይ ዓይኗን አላሸሸችም፤ እንደማታውቀው ሰው አየችኝ። ከሰዓት በኋላ በሩን በጀርባዋ አዝላ ወደ ይርጋጨፌ አቅጣጫ ስትሄድ ያዩዋት ነገሩኝ። እዚያው አጠገብ፣ አሪቻ በምትባል መንደር ወንድም አላት ተባለ።

ዝናቡ ሲጀምር ስድስተኛ ክፍልን ስለ ርዝመት እያስተማርኩ ነበር። የከተማችንን መንገድ የለካ ገመድ ብዬ በኩራት ይዤላቸው ገባሁ። ደረቁን ገመድ በክፍሉ ወለልና በበረንዳው ላይ ዘርግተው በማስመሪያው እንዲለኩት አዘዝኳቸው። አሥራ አምስት ሜትር ከስድሳ ሳንቲ ሜትር አሉኝ። ተሳስታችኋል ብዬ ተቆጣሁ። እንደገና ለኩ፤ ያው ሆነ። ተንበርክኬ ራሴ ለካሁት። ያው ነው።

ተማሪዎቹን አሰናበትኩና መሳቢያውን ከፈትኩ። አንዱን ቁራጭ ጋኑ ውስጥ ነከርኩት። በማግሥቱ ጎን ለጎን ሳስተኛቸው እርጥቡ ከደረቁ በሁለት ጣት አጥሯል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚቀል የለም። ቆዳ ሲደርቅ ያጥራል፤ የተገመደ ቃጫ ግን ውኃ ሲጠጣ ይወፍርና ያጥራል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይረዝማል። እኔ ባጠረበት ሰዓት ቋጥሬ በረዘመበት ሰዓት ለካሁበት።

እሑድ ጠዋት ሰው ሳይበዛ የእንጨቱን ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ቤቷ የለችም፤ የደጃፏ ጥቁር ድንጋይ ግን ከቦታው አልተነሳም። ከመንገዱ መሀል ጀምሬ ማስመሪያውን እያጋደምኩ፣ በኖራ ምልክት እያደረግሁ ለካሁ። አሥራ አምስተኛው ሜትር ደጃፉ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀረው አለቀ። ቤቷ ከመሥመሩ ውጭ ነበረች። ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ሦስት ጊዜ መለካት ልማዴ ነው።

ሃምሳ አለቃን ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ሰማኝና፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

«ምን አልክ?»

«በወታደርነቴ ስንት ዓመት በቅሎ ጭኛለሁ። ዝናብ ሲመታው የጭነት ገመድ ይጠብቃል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይላላል፣ ጭነቱም ይንሸራተታል። እነዚያ በቅሎ ነጂዎችም ያውቃሉ። ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ስትናገር፣ መምህር፣ እንዲያ አድርገህ ስትናገር...» እጁን አወናጨፈ። «የተማረ ሰው ነህ። እኔ ደግሞ ስለ ገመድ ልከራከርህ? ጠይቄህ የለም? ተናገርክ። አበቃ።»

ለሹሙ እንድንነግረው ለመንኩት። አብረን ገባን። ሹሙ ልኬቱ ላይ ያለውን ፊርማ አሳየኝና፣ «ይህ የማን ነው?» አለኝ። የኔ ነው አልኩ። «ቦታው ላይ ጠጠር ተራግፏል፣ ሥራው ተጀምሯል። የፈረሰ ቤት በማስመሪያ አይቆምም» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

በተከታዩ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይርጋጨፌ ወርጄ ወደ አሪቻ በእግሬ ሄድኩ። የወንድሟን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ታፋዋ ላይ ቃጫ ትገምዳለች። በሩ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ ለዶሮ ማገጃ ሆኗል። በሩ ላይ የቀይ ቀለም ጠብታ አለ።

ሰላምታ ሰጥቼ እንደ ቆምኩ ሁሉን ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላብራራ ተናገርኩ። እጇ ሥራውን አላቋረጠም።

«ሞከርካት?» አለችኝ።

«ሞከርኩት፣ እማማ። እርስዎ ልክ ነበሩ።»

«መቼ?»

«ዝናቡ ሲጀምር።»

ገመዱ ላይ አዲስ ቃጫ ጨመረችበት። «ቤቴን ትመልሱልኛላችሁ?»

«አይመልሱም። ጠይቄያለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

  ወደ ቃጫዋ ዞረች፤ እኔም መንገዴን ይዤ ተመለስኩ።

ማዘጋጃ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ሌላ መንገድ እንድለካለት ጠየቀኝ። አዲስ የብረት ሜትር እስኪገዛ ድረስ አልሄድም አልኩ፤ ገዙ። የፈረሰችው ቤት ግን ፈርሳለች።

እናንተን አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የቃጫ ገመድ ፈልጉ፤ ካጣችሁ የተገመደ የጥጥ ፈትል ይሁን። እኩል አድርጋችሁ ሁለት ቦታ ቁረጡት። አንዱን ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ አንዱን ተዉት፣ ጠዋት ጎን ለጎን አስተኟቸው። የጻፍኩትን አትመኑ፤ እኔ ያስረዳሁትን ያመኑ ሰዎች ምን እንዳደረጉ አንብባችኋል። ራሳችሁ ሞክሩት። ደግሞ ዛሬውኑ ይሁን፤ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።