ኮቱ ውስጥ የተኛው አንበር

እናቴ ዒዳ ላይ ሳለች ቤታችን ሽቶ ሸተተ። ሌላ አገር ቢሆን ማንም ጉዳዬ አይለውም፤ እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች ዘንድ ግን ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ሽቶ አትነካም፣ ኩል አትኳልም፣ ሂና አትቀባም። ከነካች ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ባል ፈለገች» ይባላል።

መባልም ጀምሮ ነበር። ውሃ ልቀዳ ቦኖ ስደርስ ወሬው ይቋረጣል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይባላል፤ ሰፈራችን ውስጥ መላውን ትተው ወሬውን ብቻ የሚጨምሩ ሴቶች ሞልተዋል። ጀሪካኔን ሞልቼ ጥርሴን ነክሼ እመለሳለሁ።

ሽቶ ለቤታችን እንግዳ አልነበረም። አባቴ ሽቶ ቀማሚ ነበር። ከወልዲያው መንገድ ዳር በነበረችው ጠባብ ሱቁ ዕጣኑን ለእስጢፋኖስ ካህናት፣ ሽቶውን ለጁምዓ ሰጋጆች ይሸጥ ነበርና ጓደኞቹ «አንተማ በሁለቱም በኩል ይጸለይልሃል» እያሉ ይተርቡታል። የሚኮራበት ግን አንበር የሚባለው ሽቶው ነበር። አንበር ከዓሣ ሆድ ይወጣል ሲባል የሰሙ ሰዎች «ከሐይቃችንስ አይገኝም?» ይሉታል። «ከሐይቃችን ዓሣ የሚገኘው እሾህ ነው» ይላቸዋል። የእሱ አንበር ከዛፍ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጃዊ የተባለ ሙጫና የቆላ ከርቤ ወቅጦ፣ ሰንደልና ትንሽ ቫኒላ ጨምሮ፣ በዘይት ውስጥ በቀስታ እሳት ያሞቀዋል። ከዚያ ከድኖ ያቆየዋል። ሲከፈት መልኩ ማር ነው፤ ሽታውም ይሞቃል። «አንበር ይተኛል እንጂ አይሞትም» ይለኝ ነበር፤ «ሙቀት ሲያገኝ ይነሣል።»

ሲሞት ጠርሙሶቹን በሙሉ ሰብስቤ ሱቁ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። እናቴ በልብስ ሳሙና መታጠብ ጀመረች። ታዲያ ሽታው ከየት ይመጣል? አልጋ ሥር አየሁ፣ ሣጥኑን በረበርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቀን የእናቴን ሻሽ ሳይቀር አሸተትኩ። ምንም የለም። ጠዋት ጠዋት ግን ይመጣል፤ ፀሐይ በርታ ስትል ይጠፋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአባቴ ታላቅ እህት ከውጫሌ በሚኒባስ መጣች። አክስቴ ዲኗን አጥባቂ ናት፤ አምባሰል ላሉት የአባቴ ዘመዶች የእሷ ቃል ፍርድ ነው። እሷ ነውር አየሁ ካለች እናቴ በዚያ ወገን ዘንድ አበቃላት። በቦኖ ወሬ ሲንገዳገድ የቆየው የእናቴ ስም በአንዲት አሮጊት አፍንጫ ላይ ተንጠለጠለ። ዛሬን ብቻ አይሽተት ብዬ ለመንኩ።

እናቴ በጥቁር ጅልባቧ ተጀቡና በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው አወሩ። በበሩ የገባው የፀሐይ ብርሃን ቀስ እያለ ከእናቴ እግር ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ደረቷ ወጣ። ያን ጊዜ አንበሩ መጣ። አክስቴ ወሬዋን አቋረጠች።

«ምንድነው የሚሸተኝ?»

እናቴ ጅልባቧን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«በዒዳሽ? አስተግፊሩላህ! የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ?»

«እታለም፣ ወላሂ ሽቶ አልነካሁም» አለች እናቴ።

«አፍንጫዬ ነዋ የሚዋሸው!»

ደሜ ፈላ። «እኔ ነኝ የተቀባሁት» ብዬ ወሬያቸው ውስጥ ዘው አልኩ። አክስቴ እጄን ይዛ አሸተተችና መልሳ ጣለችው።

«አንቺ የምትሸቺው ሽንኩርት ነው።»

እናቴ ጅልባቧን ገለጠች። ከሥሩ የአባቴን ቡናማ ኮት ለብሳለች። እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗል።

«ጎህ ሲቀድ ይበርደኛል» አለች። «እሱ ለሱብሂ ሶላት ሲወጣ የሚደርበውን ደረብኩ። ልጄ እንዳትስቅብኝ ሲሞቅ አውልቄ ትራሴ ውስጥ እደብቀዋለሁ፤ ዛሬ እርስዎ ሲመጡ ሳላወልቀው ቀረሁ። መሽተቱን አላወቅሁም፣ እታለም። እኔን እሱ እንጂ ሽቶ አልሸተተኝም።»

አክስቴ ብድግ አለች። ልትመታት መስሎኝ መሀል ልገባ ተነሣሁ። ኮቱን ከላይዋ ገፈፈችና አንገትጌውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቆየች። ፊቷን ስታነሣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ያው የዳኛ ድምፅ ነበር።

«ሽቶ ያለበት ልብስ ላንቺ ሐራም ነው። አጥቤ አስቀምጠዋለሁ። ዒዳሽን ስትጨርሺ ትወስጂዋለሽ።»

«ለዘመዶቹስ ምን ይላሉ?» አልኳት።

«ምን አየሁና?» አለች። ኮቱን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

የእናቴ ስም ተረፈ። ቦኖውም ሌላ ወሬ አገኘ። እኔ ግን አክስቴን ጠላኋት። የሰውየውን የመጨረሻ ሽታ በሳሙና ልታጥብ! እናቴ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ብደርብላትም ትንቀጠቀጥ ነበር።

ዒዳው ባለቀ በማግስቱ አክስቴ ፌስታሏን ይዛ መጣች። ኮቱ አልታጠበም። እጅጌው በአጭር ክንዷ ልክ ተጠቅልሏል፤ አንገትጌው ላይ የፀጉሯ ቅቤ አለ።

«ልጠብቅልሽ ብዬ ነበር» አለች መሬት መሬት እያየች። «አንድ ቀን ለበስኩት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት... ሽታውን ጨረስኩብሽ።» ያቺ ፍርደ ብርቱ ሴት እንደ ልጅ አለቀሰች።

እናቴ ኮቱን አጥሩ ላይ ለፀሐይ ዘረጋችው። ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን። ጨርቁ ሲሞቅ እናቴ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«አለ?» አለች አክስቴ።

«አለ፣ እታለም። አብሽሩ።»

አክስቴ አላመነቻትም መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ጎንበስ አልኩ። ጭስና ቅቤ ሸተተኝ፤ ሌላ ምንም የለም።

«አለ» አልኳት።